ከብት የማይጠየቅበት ፍቅር

እሁድ ጠዋት የስደተኞች ሰፈሯን ጀዊን የሚቀሰቅሳት ከበሮ ነው። ነጭ የለበሱ ሴቶች መስቀል የተሰፋበትን ባንዲራ ከፍ አድርገው፣ በቱኩሎቹ መሀል ባለው አቧራማ መንገድ እየዘመሩ ያልፋሉ። ልጆች ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ጸሎት ቤቶቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው፤ አንዳንዱ ሣር፣ አንዳንዱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ጣሪያ ያልደረሰው ጉባኤ ደግሞ የዛፍ ጥላ ይበቃዋል። ዝማሬውም ስብከቱም በኑዌርኛ ነው።

በቀሩት ቀናት ጀዊ የምትተዳደረው በወረቀት ነው። የስደተኛ መታወቂያ፣ የራሽን ካርድ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የጣት አሻራ። ስሙ ከመዝገብ የወጣ ሰው እህል አይሰፈርለትም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዕርዳታው ወደ ገበያ እየወጣ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ ሥርጭቱን ሲያቆም፣ በስርቆቱ እጃቸው የሌለበት ስደተኞችም አብረው ተቀጡ። ለእነሱ እህሉ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ለወራት የተሰፈረላቸው ነገር አልነበረም።

እንዲህ ባለ ሰፈር ነው ሰባኪው ቆሞ እግዚአብሔር ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ይወድዳል የሚለው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሐረግ የታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ ዓይን የለመደው ነገር ነው፤ ተሳፋሪው አንብቦት ወራጅ ብሎ ይወርዳል። ጀዊ ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋጥም። እዚህ ዘመድ ያልሞተበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ገዳዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙ፣ ጎሳው፣ የመጣበት መንደር ይታወቃል። እግዚአብሔር ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚወድድ ከሆነ እሱንም ይወድዳል ማለት ነው። ታዲያ የፈሰሰው ደም የት ይገባል?

ከጎርፍ የተረፈ ሰፈር

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ላይ የፈነዳው ጦርነት ብዙም ሳይቆይ የዲንቃና የኑዌር ጎሳዎች ግጭት መልክ ያዘ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኑዌሮችም በፓጋክና በሌሎች መሻገሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ ከሠፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሌይቹዎር ነበር። ቦታው ረባዳ ነውና በ2006 ክረምት ውሃ ዋጠው። ለነዚህ ሰዎች ደረቅ መሬት ሲፈለግ ነው ጀዊ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የተከፈተችው፤ በጥቂት ጊዜም ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያዘች።

ስደተኞቹ የገቡበት ክልል ራሱ ብዙ ቁስል የተሸከመ ነው። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጋምቤላን ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ አድርጎ መዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታት ክልሉ ያስጠለላቸው ስደተኞች ግን ከ350 ሺህ ይበልጣሉ። ኑዌርና አኙዋክ በመሬትና በሥልጣን ሲጋጩ ኖረዋል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች በወታደሮችና በደገኛ ነዋሪዎች እጅ ተገድለዋል። ደገኛ የሚባለው ከመሀል አገር የመጣው ሁሉ ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ከምባታው። እንግዲህ በጋምቤላ እኔ የተበደልኩ እንጂ የበደልኩ አይደለሁም ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ወገን የለም።

ይኸው ክልል በዚያው ቆጠራ 70 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 17 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነው ተብሏል። ካቶሊኩ ሲጨመር ከአሥር ሰው ዘጠኙ ክርስቲያን ይሆናል። ስለዚህ የፈሰሰው ደም ጥያቄ የክርስቲያኖች የእርስ በርስ ጥያቄ ነው።

ወንጌሉ የመጣበት መንገድ

ለኑዌሮች ወንጌሉ የደረሳቸው ከሱዳን በኩል ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሶባት ወንዝ ላይ፣ በዶሌብ ሂልና በናሲር ተተከለ። ወንዙ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲወጣ ባሮ ይባላል። ዶን ማክሉር የተባለው አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ከሱዳን አኙዋኮች ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ድንበሩን ተሻግሮ ባሮ ዳር ፖክዎ በምትባል ቦታ ጣቢያ አቆመ። ማክሉር ብዙ ዓመት በኢትዮጵያ ኖረ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በታጣቂዎች ተገደለ። ከሥራው የበቀሉት አብያተ ክርስቲያናት የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አካል ሆኑ፤ ቤቴል ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደ።

ሚሲዮናውያኑ ለዓመታት ቢደክሙም ኑዌሩን በብዛት ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣው ስደቱ ነው። ሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በ1975 ዓ.ም. ሲቀጣጠል በጋምቤላ ያለው ኢታንግ በዓለም ካሉ ታላላቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ሆነ፤ በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ባዶውን እስኪቀር ድረስ ብዙ ኑዌር እዚያ ተጠመቀ። ከብቱ አልቆ፣ መንደሩ ተቃጥሎ፣ ለመሥዋዕት የሚቀርብ በሬ የጠፋበት ሰው፣ በሬ የማይጠይቅ አምላክ ሲነገረው ጆሮውን ሰጠ። ይህ ግን መልካም ዜና ብቻ አልነበረም፤ አብሮት አንድ ከባድ ችግር ገባ። ችግሩ እንዲገባን ኑዌር ለደም የሚሰጠውን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል።

ደሙ የሚከፈለው እንዲህ ነው

በኑዌር ባህል ሰው የገደለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ምድሩ ካህን ቤት ነው። ይህ ሽማግሌ ትከሻው ላይ የነብር ቆዳ ይደርባል። ገዳዩ የሟቹ ደም ውስጡ ገብቷል ተብሎ ስለሚታመን ውሃ አይጠጣም፣ እህል አይቀምስም። ካህኑ በዓሣ ጦር ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ ወደ ታች ይበጣዋል፤ ደሙ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከግቢው እስካልወጣ ድረስም ማንም አይነካውም። የሟች ወንድሞች ግን ጦራቸውን ይዘው ከውጭ ይጠባበቃሉ።

ጊዜ ሲያልፍ ካህኑ ወደ ሟች ቤተሰብ ይሄዳል። ካሳ ተቀበሉ ይላቸዋል፤ እምቢ ይላሉ። እምቢ ማለት ደንብ ነው፤ ቶሎ እሺ ያለ ወንድሙን አዋረደ። ካህኑ ደጋግሞ ይለምናል፣ ይቆጣል። በመጨረሻ ለሟቹ ክብር ብለው ይቀበላሉ። ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኑዌሮች መካከል የተመላለሰው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ኤቫንስ ፕሪቻርድ እንደመዘገበው የካሳው ልክ ከ40 እስከ 50 ከብት ነበር። ከብቱ የሚዋጣው ከገዳዩ ዘመድ ሁሉ ነው፤ ከፍሎ ለመጨረስም ዓመታት ይፈጃል።

ከብቱ ለሟች ቤተሰብ ሀብት እንዲሆን አይደለም። ከፊሉ ለሟቹ ሚስት ማግቢያ ይሆናል፤ ወንድሙ በሟቹ ስም ያገባል፤ የሚወለዱት ልጆችም የሟቹ ልጆች ተብለው ይጠራሉ። ነፍስ ስለጠፋች ነፍስ ትተካለች። ይህ ሳይፈጸም የሁለቱ ወገኖች ሰዎች ከአንድ ዕቃ ቢበሉ ወይም ቢጠጡ ያልተከፈለው ደም ራሱ እንደሚገድላቸው ይታመናል።

ይህ ሥርዓት ለደገኛውም እንግዳ አይደለም። ኦሮሞው ጉማ፣ አማራው የደም ካሳ ይለዋል፤ ደመኞች በሽማግሌ ፊት ቆመው፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ወድቆ ይለምናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውም ከዚሁ የመጣ ዕውቀት ነው። ደም እንዲሁ አይረሳም።

ልጁ ያልጨረሰው ንግግር

ክርስትና ያለ ቅድመ ሁኔታ ስለሚወድድ አምላክ ሲናገር ቶሎ የሚጠቅሰው ሉቃስ 15 ላይ ያለውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ነው። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል። ልጁ አባቱ ሳይሞት ድርሻውን ጠየቀ፤ ይህ በዚያ ዘመን ሙትልኝ ከማለት አይለይም። ገንዘቡን በተነ፣ እሪያ ጠበቀ፣ ተራበ።

ምሳሌው ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ልጁ አባቱ ፊት የሚያቀርበውን ንግግር እዚያው እሪያዎቹ መሀል ሆኖ ያሰናዳል። ንግግሩ ሦስት ነገር አለው፤ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ የሚሉ ናቸው። ሦስተኛው የዕርቅ ሐሳብ ነው፤ ሠርቼ ልክፈል ማለቱ ነው። አባቱ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይናገራል፤ ሦስተኛው ግን ከአፉ አልወጣም። አባቱ ቀድሞት ለአገልጋዮቹ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አድርጉለት ማለት ጀምሯል። ልጁ ሊያቀርበው ያሰበው የክፍያ ውል ሳይነገር ቀረ።

ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መውደድ ማለት ይኼ ነው። አባትየው ልጁ በደለኛ መሆኑን አልካደም፤ ሞቶ ነበር ብሎ በግልጽ ተናግሮበታል። ፍቅሩ ግን ውሉ እስኪፈረም አልጠበቀም። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ የሞተው ሰዎች ገና ኃጢአተኞች ሳሉ ነው ብሎ ይኸንኑ ያስረግጣል፤ ፍቅሩ ንስሐውን ቀድሞት መጣ። ማርቲን ሉተር በ1518 (እ.ኤ.አ.) ሃይድልበርግ ላይ ሲከራከር፣ የሰው ፍቅር የሚወደድ ነገር ፈልጎ እንደሚነሣ፣ የእግዚአብሔር ፍቅር ግን የወደደውን ራሱ ተወዳጅ እንደሚያደርገው አስረድቶ ነበር። መካነ ኢየሱስ ይህን ትምህርት ከሉተራውያን ወርሳዋለች።

ለኑዌር አድማጭ ግን ታሪኩ ሌላም ነገር ይናገራል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድ ከብት ይታረዳል፤ የሰባው ፍሪዳ። ከብቱ የወጣው ከበዳዩ በረት አይደለም፤ ከተበደለው ነው። ካሳ መቀበል የሚገባው ወገን ራሱ ከብት አውጥቶ አረደ። ከብት ማን ለማን እንደሚነዳ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ የዓለም ሥርዓት መገልበጥ ነው። መስቀሉም በዚሁ ዓይን ሲታይ የተበደለው ወገን ዕዳውን በራሱ ደም ከፈለ ማለት ነው።

ሚያዝያ 2008

ይህ ሁሉ ስብከት በወረቀት ላይ ያምራል። ጀዊን የፈተናት ግን ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው።

በወሩ በ7ኛው ቀን የታጠቁ ሙርሌዎች ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው በጋምቤላ የኑዌር ቀበሌዎችን አጠቁ። ከ200 በላይ ሰው ተገደለ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ተወሰዱ፤ ከብቱ ተነዳ። ክልሉ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በ13ኛው ቀን በጀዊ አቅራቢያ የአንድ ዕርዳታ ድርጅት መኪና ሁለት የስደተኛ ልጆችን ገጭቶ ገደለ። በቁጣ የወጡ ስደተኞች ከአደጋው ጋር ምንም የማያገናኛቸውን ኢትዮጵያውያን፣ በካምፑ ግንባታ ላይ የነበሩ ሠራተኞችን ጨምሮ፣ ገደሉ። ከ10 ያላነሰ ሰው ሞተ። የሞቱት እንጀራ ፍለጋ የመጡ ደገኞች ነበሩ። ጋምቤላ ከተማ በቁጣ ተናወጠች፤ ስደተኞቹ ይውጡልን የሚል ድምፅ ተሰማ።

በሁለቱም ወገን ካሉት ብዙዎቹ በአንድ መጽሐፍ የሚምሉ ሰዎች ነበሩ። በስደተኛው ወገን እሁድ ከበሮውን ተከትለው የሚሄዱ እናቶች አሉ። ኦርቶዶክስ የሆነው ደገኛ ደግሞ ያን ሰሞን የዐቢይ ጾምን ሊፈታ በዓሉን የሚጠብቅ ነበር፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 23 ነበርና። ሁለቱ የትንሣኤ አማኞች የተገናኙት በሬሳ ላይ ነው።

በሟች እናት ፊት ቆሞ እግዚአብሔር ገዳዩንም ይወድዳል ማለት ቀላል አይደለም። ሰባኪ ይህን ለመናገር ከቸኮለ ለሟቹ ሁለተኛ ሞት ይሆንበታል።

ደም ሲረክስ

ነገሩ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል ኑዌሮች ራሳቸው በመራራ መንገድ ተምረውታል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሻሮን ሃቺንሰን በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ሥራዋ ያጠናችው ይህን ነው። ጦር ሲወረወር ገዳይና ሟች ይተያያሉ። ክላሽ ሲመጣ ግን ተኳሹ ማንን እንደገደለ ሳያውቅ ይቀራል፤ ካህኑ ማንን ይበጣል? የአማፂ አዛዦች ደግሞ በመንግሥት ጦርነት የሚፈስሰው ደም እንደ መንደሩ ጠብ አይደለም፣ ርኩሰት የለውም፣ ካሳም አያስከፍልም ብለው ወታደሩን አስተማሩ። ውጤቱ ሰላም አልነበረም። ሕግ ያልነካው ግድያ በዛ፤ ደም ዋጋ ሲያጣ ሰው ዋጋ አጣ።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ መመሳሰል አለ። ከብት አያስፈልግም የሚለው ስብከትና ካሳ አያስፈልግም የሚለው የአዛዥ ትእዛዝ ላይ ላዩን ሲሰሙት አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዕዳው ተሰርዟል ይላሉ። ነገር ግን የሚለያቸው ገደል ነው። አዛዡ ዕዳውን የሰረዘው ሟቹ ምንም እንዳልነበረ በመቁጠር ነው። ወንጌሉ ግን ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ከሰው አቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ከፈለው ይላል። የመጀመሪያው የሟቹን ደም ያረክሳል፤ ሁለተኛው ከምንም በላይ ያከብረዋል።

በናዚዎች እጅ የተሰቀለው ጀርመናዊ ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1937 (እ.ኤ.አ.) ርካሽ ጸጋ ብሎ የተቃወመው ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአቱን የሚያጸድቅ፣ ኃጢአተኛውን ግን የማይለውጥ ምሕረትን። ያለ ቅድመ ሁኔታ መወደድና ያለ ተጠያቂነት መኖር አንድ አይደሉም። ጀዊ ላይ ይህ ልዩነት የነፍስ ጉዳይ ነው።

ጥርኝ ውሃ

ደገኛው ክርስቲያንም ከዚህ ጥያቄ ጋር ኖሯል። ተአምረ ማርያም ውስጥ ያለውን የበላዔ ሰብን ታሪክ የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ የለም ማለት ይቻላል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ለፍርድ ቀርቦ በሚዛን ሲቀመጥ ያች ጥርኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ በለጠች። በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ይህ ታሪክ ይነገራል።

ጥርኟ ውሃ ቅድመ ሁኔታ ናት? ፕሮቴስታንቱ ሰምቶ ይህ የሥራ ክፍያ ነው ሊል ይችላል። ኦርቶዶክሱ ደግሞ ሚዛኑን የሠራው ማን ሆነና ይላል፤ 78 ነፍስን ከእፍኝ ውሃ ጋር የሚያስተካክል ገበያ የለም፤ ሚዛኑን ያጋደለው ምሕረቱ ነው። ታሪኩ የሚለው እግዚአብሔር ምክንያት ፈልጎ ይምራል ነው። የሁለቱ ቤት ልዩነት ያለው ሰው ለፍቅሩ ምላሽ በመስጠቱ ቦታ ላይ ነው፤ ፍቅሩ ከእግዚአብሔር ዘንድ በነጻ የሚጀምር መሆኑን ሁለቱም ያምናሉ።

ከዚህ የሚጠልቀው የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ታሪክ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው ይህች እናት፣ ገድሏ እንደሚለው፣ ባለትዳርና ባለጸጋ ሳለች ቁጣ ገፋፍቷት በአገልጋይዋ አፍ ውስጥ እሳት ከትታ ገደለቻት። ደንግጣ ጸለየች፤ አገልጋይዋ ተነሣች፤ እሷም ሀብቷን ጥላ መነነች። ያቺ ሴት ናት በኋላ በጣና ዳር ሆና እግዚአብሔርን ከዲያብሎስ ጋር እንዲታረቅ የለመነችው። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ሲኦል ድረስ ወረደች፤ ዕርቁን ያልተቀበለው ራሱ ዲያብሎስ ነው። ከኢትዮጵያ ቅዱሳን መካከል የምሕረትን ዳርቻ እስከዚያ ድረስ የገፋችው፣ እጇ ሰው ገድሎ የነበረው ሴት ናት። ምሕረትን ያለ ልክ የሚለምን፣ ያለ ልክ መማሩን የሚያውቅ ነው። ገድሏ ሌላም ነገር ያስተምራል፤ ፍቅሩ ቅድመ ሁኔታ የለውም፤ እምቢ የማለት መብት ግን ለሁሉም ተሰጥቷል።

በጀዊ ምን ማለት ነው

እንግዲህ ጀዊ ላይ ያለ ሰባኪ ሁለት ነገር ሳያምታታ መያዝ አለበት። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው ፍቅር ከብት አይጠየቅበትም፤ ራሽን ካርድም፣ ጎሳም፣ ንጹሕ እጅም አያስፈልገውም። በሰውና በሰው መካከል ያለው ደም ግን ይጠይቃል። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም የሚሰርዝ ስብከት የገዳዮች መሸሸጊያ ይሆናል። ምሕረት ያገኘ ሰው ካሳውን የሚከፍለው ለመወደድ ብሎ አይደለም፤ ቀድሞ ተወድዷልና ከካህኑ ግቢ ወጥቶ የሟቹን ቤት ለማየት ድፍረት አገኘ።

የኑዌር ሥርዓት ራሱ ለዚህ ጥሩ መሠረት አለው። ካሳውን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ዘመዱ ሁሉ ያዋጣል። ቤተ ክርስቲያን ዘመድ ነኝ ካለች የልጇን ዕዳ አብራ መሸከም ይጠበቅባታል፤ ኑዌር የገደለውን ደገኛ ቤተሰብ ኑዌር ምእመን ሊያስታውሰው፣ ደገኛ የተሳተፈበትን የአኙዋክ ሐዘን ደገኛ ምእመን ሊያዝንበት ይገባል። ፍቅሩን በነጻ ተቀብሎ ዋጋውን ለሌላ ጎሳ መተው አይቻልም።

የሉቃስ ምሳሌ የሚያልቀው በታናሹ ልጅ ድግስ አይደለም። ታላቅየው ከእርሻ ተመልሶ ደጅ ቆሟል፤ እኔ አንድ ጠቦት እንኳ ሳይሰጠኝ ለዚህ ፍሪዳ ታረደለት እያለ ይሟገታል። ክርክሩ ውሸት የለበትም፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል፤ ታላቅየው ገባ ወይስ ቀረ፣ ወንጌላዊው አልጻፈልንም። በጋምቤላ ምድር ሁሉም ወገን ራሱን እንደ ታናሹ ልጅ መቁጠር ይወድዳል፤ ጠፍቶ፣ ተርቦ፣ ወደ አባቱ ቤት የተመለሰ። ፍቅሩ ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው ማለት ግን የሚፈትነው ታላቁን ልጅ ነው። ራስህ ምሕረት እንዳገኘህ ማመን ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ደመኛህም በዚያው ማዕድ እንደተጠራ አውቀህ፣ ሒሳብህን ይዘህ ከደጅ አለመቅረት ነው።